አክስቴ በዓመት ስንት ጊዜ ይታከማሉ?

እስቲ ወደ ጨዋታችን ከመግባታችን በፊት አንድ ነገር ይቁጠሩልኝ። ባለፈው አንድ ዓመት ከቤትዎ ሰው ስንት ጊዜ ሐኪም ቤት ሄደ? ልጅ ሳል ይዞት የሄደበት፣ እርስዎ ወገብዎን አሞዎት የታዩበት፣ የቤት ሠራተኛዎን ጤና ጣቢያ ያደረሱበት፣ ሁሉም ይደመር። ድምሩን በቤቱ ውስጥ ለሚኖረው ሰው ቁጥር ያካፍሉት። ያገኙት ቁጥር የጤና ባለሙያዎች «የነፍስ ወከፍ የተመላላሽ ሕክምና አጠቃቀም» የሚሉት ነው። ስሙ ያስፈራል እንጂ ስሌቱ የአራተኛ ክፍል ሒሳብ ነው።

እኛ ቤት አምስት ነን። በመሳቢያ ውስጥ የተከማቸው ደረሰኝ ተዘርግፎ ሲቆጠር 14 ጊዜ ሄደናል። ለአምስት ሲካፈል 2.8 ይመጣል። በዓለም አቀፍ ደረጃ አንድ ሰው በዓመት 2.5 ጊዜ ያህል ቢታይ ጥሩ ነው እየተባለ ለብዙ ዘመን ሲጠቀስ ኖሯል፤ እኛ ከልኩ ትንሽ አለፍ ብለናል ማለት ነው። የአገራችን አማካይ ግን በ2012 ዓ.ም. ገና አንድ አካባቢ ነበር። በዓመት አንዴ!

ወጪያችንም ተደምሯል። 62 ሺህ ብር አልፏል። ከዚህ ውስጥ ቀላል የማይባለው ስሙን የማልጠራው አንድ የግል ሆስፒታል ለትንሹ ልጃችን ሳል ያዘዘው ምርመራ ነው። ደም፣ ሽንት፣ ሰገራ፣ ራጅ፤ በመጨረሻም «ጉንፋን ነው፣ ፈሳሽ በብዛት ይስጡት» ተብለን ወጣን። እናቴ በነጻ የምትነግረኝን ማለት ነው።

ይህን ሁሉ ቆጠራ ያመጣው የእቴቴ ጥያቄ ነው። እቴቴ የምንላቸው የአባቴ እኅት ናቸው፤ ዕድሜያቸው ወደ 70 የተጠጋ፣ የመንዝ ጌራ ምድር ሰው። አንድ ቀን በልጃቸው ስልክ ስናወራ ትንሹ ልጅ ታሞብን ሐኪም ቤት እንደዋልን ነገርኳቸው። በሳምንቱ ስንደዋወል ደግሞ ባለቤቴ ጨጓራውን አሞት ሊታይ ሄዶ ነበር። እቴቴ ዝም ብለው ቆዩና፣ «እናንተ ልጆች ምን ነክቷችሁ ነው በየሳምንቱ የምትታመሙት? ምግቡ ነው ወይስ አየሩ?» አሉኝ።

ሳቅን። ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ግን ጥያቄው ተገልብጦ መጣብኝ። እነሱስ ለምን አይታመሙም? 3 ሺህ ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ፣ በዚያ ብርድ፣ እሳት ቀኑን ሙሉ በሚጨስበት ቤት ውስጥ፣ ገብሱን ውርጭ በመታው ዓመት ከእጅ ወደ አፍ እየኖሩ፣ ሐኪም ቤት የማይታዩት ጤነኞች ስለሆኑ ነው?

በሚቀጥለው ስልክ አብረን ቆጠርን። በእቴቴ ቤት ስድስት ሰው አለ፤ እሳቸው፣ ልጃቸው፣ ምራታቸውና ሦስት የልጅ ልጆች። በዓመቱ ሦስት ጊዜ ታክመዋል። ሁለቴ እሳቸው፣ አንዴ ትንሿ ልጅ የሳንባ ምች ይዟት። ሦስት ለስድስት፣ ግማሽ። የአገር አማካይ እኩሌታ ነው። ከእኛ ቤት ጋር ሲተያይ ደግሞ ከአምስት እጥፍ በላይ እንበልጣቸዋለን።

አሁን ወደ ትልቁ ሒሳብ ልውሰድዎት። ጤና ሚኒስቴር በየጥቂት ዓመቱ «ብሔራዊ የጤና ሂሳብ» የሚባል ጥናት ያወጣል። ለ2012 በጀት ዓመት በተሠራው መሠረት በኢትዮጵያ ለአንድ ሰው ጤና በዓመት የሚወጣው ገንዘብ፣ መንግሥትም ለጋሽም ቤተሰብም ያወጡት ተደምሮ፣ 36 የአሜሪካ ዶላር ገደማ ነበር። ከሰሃራ በታች ያሉ የአፍሪካ አገሮች አማካይ በዚያው ሰሞን ወደ 80 ዶላር ይጠጋል። ይህን አይቶ «ታዲያ እኛ ዘንድ ሕክምና ርካሽ ነው» የሚል አይጠፋም። ነገሩ ግን ሌላ ነው። ያልተኬደበት ሐኪም ቤት ደረሰኝ አይቆርጥም። እቴቴ ራሳቸውን ሲያማቸው ሻሽ ጠበቅ አድርገው አስረው የተኙባቸው ቀናት በየትኛውም ሂሳብ ውስጥ የሉም፤ ጸበል የተጠመቁባቸው ማለዳዎችም አልተቆጠሩም። የአገር አማካይ ሲያንስ ርካሽነትን ብቻ ሳይሆን ያልታከመ ሰውንም እየቆጠርን መሆኑን ልብ ይበሉ።

ደግሞም ከዚያች 36 ዶላር ውስጥ 30 በመቶ ያህሉ ከሰው ኪስ በቀጥታ የወጣ ነው። ኪስ ማለት ገጠር ሲሆን በግ ማለት ነው። መንዝን የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ሰው ሲታመም መጀመሪያ የሚታየው በረቱ ነው። የትኛዋ ትሸጥ? የወለደችው ትቅር፣ ቄቧ ትሂድ። በሽተኛው እስኪሻለው የበግ ገበያው ይወድቃል፣ ወይም በሽተኛው ገበያውን ሲጠብቅ ይብስበታል።

ይህን ለማስቀረት ነው የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድህን የመጣው። በ2003 ዓ.ም. በአራት ክልሎች፣ በ13 ወረዳዎች ለሙከራ ተጀመረ፤ ከአማራ ክልል ፎገራ፣ ደቡብ አቸፈርና ተሁለደሬ ነበሩበት። አሠራሩ ለእድርተኛ ሕዝብ እንግዳ አይደለም። ቤተሰቡ በሙሉ ይገባል እንጂ የታመመው ብቻ ተመርጦ አይገባም፤ የታመመ ብቻ ቢገባ ሳጥኑ በሁለት ወር ባዶ ይሆናል። መዋጮው በዓመት አንዴ፣ አዝመራ ሲገባ ይከፈላል። መክፈል ለማይችሉት፣ በቀበሌ አነጋገር «የድሃ ድሃ» ለሚባሉት፣ ክልሉና ወረዳው ይከፍሉላቸዋል። ሲጀመር የአንድ ቤተሰብ መዋጮ በዓመት ከ200 ብር አይበልጥም ነበር፤ ዛሬ እንደየወረዳው ብዙ እጥፍ አድጓል፤ ያም ሆኖ እቴቴ የሚከፍሉት ከአንዲት ቄብ በግ ዋጋ ያንሳል።

«ዓመቱን ሙሉ ሳልታመም ብከርምስ? ብሬ ይመለሳል?» ብሎ የሚጠይቅ ነበር፤ ዛሬም አለ። እኔ ግን እድሩን «ዘንድሮ እኔ ቤት ሞት አልደረሰምና ገንዘቤን መልሱ» ያለ ሰው ሰምቼ አላውቅም።

የሙከራው ውጤት ከተገመገመ በኋላ የወጣውን ቁጥር እወደዋለሁ። በሙከራ ወረዳዎቹ የመድህን አባል የሆነው ሰው በዓመት በአማካይ 0.7 ጊዜ ሲታከም፣ በዚያን ጊዜ የአገሪቱ አማካይ 0.3 ነበር። ከእጥፍ በላይ ማለት ነው። በሽታው አልጨመረም፤ ቀድሞም የነበረው ሕመም በር አገኘ እንጂ። ከዚያ በኋላ መድህኑ ወደ ብዙ ወረዳዎች ተስፋፋ፤ የአማራ ክልልም ብዙ አባል ካፈሩት ክልሎች ከፊተኞቹ አንዱ ሆነ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ጣል ላድርግና ልለፍ። እኛ የከተማ ደመወዝተኞች የራሳችን አዋጅ አለን። የማኅበራዊ ጤና መድህን አዋጅ ቁጥር 690 የወጣው በ2002 ዓ.ም. ነው። ከሠራተኛው ደመወዝ 3 በመቶ፣ ከአሠሪው 3 በመቶ ተብሎ ነበር። «ደመወዛችን አይነካ» ብለን ተነጫነጭን፤ አዋጁም ሳይተገበር ከአሥር ዓመት በላይ ቆየ። እቴቴ ደብተር ይዘው ሲታከሙ እኔ ኤቲኤም ፊት ቆሜ ነበር።

እንግዲህ እቴቴ መድህን አላቸው፤ ሕክምናቸውም ነጻ ነው። ታዲያ ለምን ግማሽ ላይ ቀሩ?

የአንድ ቀን ሕክምናቸውን ወጪ አብረን እናስላ። ደም ግፊት አለባቸው። ቤታቸው ከመሐል ሜዳ ርቆ፣ ከአውራ ጎዳናውም ገባ ብሎ ነው። መኪና እስከሚገኝበት ድረስ በእግር ሁለት ሰዓት ተኩል ይሄዳሉ፤ ቁልቁለትም ዳገትም አለው። ከዚያ ሚኒባስ። ብቻቸውን ስለማይሄዱ ልጃቸው ሥራውን ትቶ አብሯቸው ይሄዳል። የሁለት ሰው መሳፈሪያ ደርሶ መልስ 400 ብር። ወረፋው ደርሶ ምርመራው ሲያልቅ ቀኑ መሽቷል፤ በጨለማ ገደል ለገደል አይኬድምና አልጋ ይያዛል፣ 200 ብር። እራትና ቁርስ፣ 300 ብር። የታዘዙት መድኃኒቶች ሁለት ናቸው፤ አንዱ ጤና ጣቢያው ውስጥ «አልቋል» ተባለ። ከውጭ ከግል መድኃኒት ቤት ተገዛ፣ 380 ብር። ለካርድ፣ ለምርመራ፣ ለላቦራቶሪ፣ ዜሮ። ጠቅላላ ድምር 1,280 ብር።

ልብ ይበሉ፤ ከ1,280 ብር ውስጥ 900ው መንገድና ማደሪያ ነው። ልጃቸው ሳያርስ የዋለበት ቀን አልታሰበም። ደም ግፊት ደግሞ አንድ ቀን ታክመው የሚገላገሉት በሽታ አይደለም፤ በየወሩ ክኒን ይፈልጋል። በየወሩ ይሂዱ ቢባል በዓመት ከ15 ሺህ ብር በላይ ነው። ነጻው ሕክምና ማለት ይህ ነው።

«አልቋል» የምትለዋ ቃል የእቴቴ ብቻ ችግር አይደለችም። መድህን ባለበት ወረዳ ሁሉ ከአባላት የሚሰማው ትልቁ ቅሬታ የመድኃኒት እጥረት ነው። ሰው ከፍሎ ገብቶ፣ ተሰልፎ ውሎ፣ በመጨረሻ ከውጭ ግዛ ሲባል፣ በሚቀጥለው ዓመት ደብተሩን ለማሳደስ እጁ ያጥራል። የመድህኑ ባለሥልጣናት ከመዋጮው መጨመር በፊት የመደርደሪያውን ባዶነት ቢያስቡበት ጥሩ ነው እላለሁ። ለመንዝ ሰው በ2014 ዓ.ም. ኅዳር ጦርነቱ እዚያ ድረስ ዘልቆ መግባቱ፣ በክልሉ ብዙ ጤና ተቋማትም መዘረፋቸው ሲታሰብ፣ ባዶ መደርደሪያ ታሪክ አለው። ከዚያም ወዲህ ቢሆን መንገዱ አንድ ሰሞን ይከፈታል፣ አንድ ሰሞን ይዘጋል።

ዋጋ ብቻውን ሰውን ሐኪም ቤት እንደማያደርስ የሚያሳይ ሌላ ማስረጃ አለ፤ ወሊድ። በመንግሥት ጤና ጣቢያ መውለድ ለማንም ነጻ ነው፤ መድህን ኖረም አልኖረም። የእርግዝና ክትትል፣ ክትባት፣ የቲቢ ሕክምናም እንደዚሁ። ዋጋው ለአዲስ አበባዋም ለመንዟም እናት ዜሮ ከሆነ፣ አጠቃቀሙም እኩል መሆን ነበረበት። በ2008 ዓ.ም. የተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ ግን በጤና ተቋም የወለዱ እናቶችን በአዲስ አበባ 97 በመቶ፣ በአማራ ክልል 27 በመቶ አድርጎ አገኛቸው። በ2011 ዓ.ም. በተደገመው አነስተኛ ዳሰሳ የአማራ ክልል ወደ 54 በመቶ አደገ። ሦስት ዓመት ውስጥ እጥፍ መሆኑ የሚያስደስት ነው፤ አምቡላንሱ፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሴቶቹ፣ ነፍሰ ጡሯ ቀኗ ሲደርስ ቀድማ መጥታ ገንፎ እየበላች የምትጠብቅበት የእናቶች ማቆያ፣ ሁሉም ድርሻ አላቸው። ግማሽ ያህሉ እናቶች ግን ነጻ የሆነውን ነገር አላገኙትም።

በዚያው የ2008 ዳሰሳ ላይ ሴቶች «ለመታከም የሚያስቸግራችሁ ምንድን ነው?» ተብለው ሲጠየቁ፣ ከግማሽ ትንሽ የሚበልጡት ገንዘብ፣ ግማሽ ያህሉ ርቀት አሉ። ከመቶ 40 የሚያልፉት ደግሞ «ብቻዬን መሄድ» ብለው መለሱ። ይህ የመጨረሻው መልስ ከተማ ላለ ሰው እንቆቅልሽ ይመስላል። የእቴቴን መንገድ ላየ ግን ምንም እንቆቅልሽ የለውም።

የሰሜን ሸዋን ደጋ በመኪና ብቻ የሚያውቁ ከሆነ መንዝ ሜዳ ይመስልዎታል። ከአዲስ አበባ ተነስተው ደብረ ብርሃን፣ ከዚያ ጣርማ በር፤ ወደ ግራ ታጥፈው በመዘዞና በሞላሌ መሐል ሜዳ። ግራ ቀኙ የተዘረጋ መስክ፣ በግ፣ ገብስ፣ ባና የለበሰ እረኛ። ከመንገዱ ወጣ ሲሉ ግን ሜዳው በድንገት ያልቅና ገደል ይጀምራል። በምዕራብ የወንጪትና የአዳባይ ሸለቆ፣ በደቡብ ሞፈር ውሃ፣ በምሥራቅ ወደ ይፋት የሚወርደው ግድግዳ። በሰሜን በኩል ግሼ ራቤልም ከዚህ አይሻልም። በዓይን የሚታይ ሰፈር በእግር የግማሽ ቀን መንገድ ይሆናል። የታመመ ሰው በቃሬዛ ሲወጣ ያየ፣ ስምንት ጎልማሳ እየተፈራረቀ ዳገት ሲቧጥጥ ያየ፣ «ሕክምና ስንት ነው?» የሚለውን ጥያቄ በብር ብቻ አይመልሰውም።

አማካይ የሚባለው ነገር ደግሞ ይህን ሁሉ ደፍጥጦ አንድ ያደርገዋል። ለማሳያ ሩቅ አልሄድም። የባለቤቴ እናት መርሐቤቴ ናቸው፤ ያው ሰሜን ሸዋ፣ ያው ክልል፣ ያው ዓይነት የመድህን ደብተር። ቤታቸው ግን ከዓለም ከተማ በእግር ግማሽ ሰዓት ቢሆን ነው። ዓለም ከተማ እናት ሆስፒታል አለ። የኦስትሪያው ተዋናይ ካርልሃይንዝ በም የመሠረቱት «ሰዎች ለሰዎች» ድርጅት በመርሐቤቴ በ1980ዎቹ ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር፣ ከመንገድና ከትምህርት ቤት ጋር ሆስፒታሉም በእርሱ ድጋፍ የተገኘ ነው። ሰውየው የጀርመንን ሕዝብ በቴሌቪዥን ተወራርደው፣ ገንዘብ አሰባስበው፣ በ1974 ዓ.ም. አካባቢ ወደ አገራችን የመጡ ናቸው።

አማቴ ስኳር አለባቸው። ባለፈው ዓመት ሰባት ጊዜ ታይተዋል። ለመንገድ ያወጡት አንዴ ዝናብ ይዟቸው የተሳፈሩበት የባጃጅ ሂሳብ ብቻ ነው። እቴቴ ሁለት፣ አማቴ ሰባት። የሁለቱን አማካይ ካወጡ አራት ተኩል ነው፤ አራት ተኩል ጊዜ የታከመ ሰው ግን በሁለቱም ቤት የለም። መርሐቤቴም ቢሆን ከዓለም ከተማ ወጥተው ወደ ጀማ ሸለቆ ቁልቁል ሲወርዱ፣ ቆላው ላይ የእቴቴን ዕጣ የሚጋሩ ብዙ እናቶች አሉ። ዞኑ በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ 1.8 ሚሊዮን ሰው ነበረው። ይህ ሁሉ ሰው በአንድ ቁጥር ሲጠቀለል አስቡት።

ቁጥሩን እያነሳሁ የምጥለው ለጨዋታ አይደለም። በፋሲካ ወንድሜ መንዝ ሄዶ ነበር፤ የደም ግፊት መለኪያ ይዞ። የእቴቴን ክንድ ጠቅልሎ ሲለካ 190 በ110 አለ። ደግሞ ለካ፤ ያው። እሳቸው እኮ ወጥ እያማሰሉ ነበር። «ክኒኑን እየወሰዱ ነው?» ሲላቸው፣ «ራሴን ሲያመኝ እወስዳለሁ፣ ቶሎ እንዳያልቅብኝ» አሉት። የአንድ ወር ክኒን ሦስት ወር እንዲቆይ ማድረግ ይቻላል፤ እንደ ቡና ቆጥቦ። ደም ግፊት ግን ራስ ሲያም ብቻ የሚገኝ በሽታ አይደለም። ሳይሰማ ከርሞ አንድ ቀን ግማሽ አካልን ይዞ ይሄዳል። እርስዎም ቤት ወላጅ ካለዎት ይህን «ሲያመኝ ነው የምወስደው» የሚል መልስ ሳይሰሙት አይቀሩም።

ወንድሜ የዚያኑ ዕለት ማታ ደወለልኝ። «ነገ ይዣቸው አዲስ አበባ እመጣለሁ» አለ። የብዙዎቻችን መፍትሔ ይህ ነው፤ መኪና አለን፣ የምናውቀው ሐኪም አለ፣ ይዘን እንምጣ። መድህን ላለው ሰው ግን ይህ አካሄድ ዋጋ አለው። የመድህኑ ሥርዓት ደረጃ ይከተላል፤ መጀመሪያ ጤና ጣቢያ፣ ከዚያ የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል፣ ካስፈለገ በሪፈር ወደ ላይ። አባሉ ያለ ሪፈር ወረቀት ከፍ ወዳለ ሆስፒታል ከሄደ ከሕክምናው ግማሹን ራሱ ይከፍላል። ወረዳው ውል ካልገባበት የግል ሆስፒታል ከወሰድናቸውማ ደብተሩ ከጌጥ አያልፍም። የመነጽርና የሰው ሠራሽ ጥርስ ወጪም መድህኑ የማይሸፍነው ነው፤ ለእናት ለአባት የሚሆን ስጦታ የሚያስቡ ካሉ እዚያ ላይ ቢያውሉት ይጠቅማል።

እቴቴ ራሳቸው እንቢ አሉ። «እዚያ መጥቼ ሳምንት ታክሜ ስመለስ፣ ክኒኑን በሚቀጥለው ወር ማን ያመጣልኛል?» አሉ። ሐኪም ሳይሆኑ ነገሩን ከሁላችንም ቀድመው ያዩት እሳቸው ነበሩ።

ስለዚህ ወንድሜ ባሉበት አካባቢ ይዟቸው ሄደ። ቤተሰብ ተሰብስበን የተስማማነው ሁለት ነገር ነበር። የመጀመሪያው ገንዘብ ነው፤ ለሕክምና ሳይሆን ለመንገድ። ለዘመድ ብር ስንልክ «ለመድኃኒት» እንላለን፤ የእቴቴን ሂሳብ ካየሁ በኋላ እኔ «ለሚኒባስና ለአልጋ» ብዬ ነው የምልከው፤ የልጃቸው ስልክ ላይ በቴሌብር ይገባል። የመድህን መዋጮውንም ማሳደሻው ወር ሲደርስ አስታውሶ የሚልክ አንድ ሰው ከመካከላችን መርጠናል፤ ደብተር ጊዜው ካለፈበት ሲታመሙ ቢሮጡ አያድንም። ለማሳደስ ጥሩው ወቅት እህሉ ጎተራ ሲገባ ነው፤ ብዙዎቻችን ለገና ወይም ለጥምቀት አገር ቤት የምንሄድበት ጊዜ ስለሆነ እግረ መንገድዎን «ደብተሩ ታድሷል?» ብለው ይጠይቁ።

ሁለተኛው ነገር ወንድሜ ነርሷን የጠየቃት ጥያቄ ነው። «መንገዳቸው ሩቅ ነው፤ የሦስት ወሩን በአንዴ መስጠት ይቻላል ወይ?» አላት። ሲስተር መጀመሪያ ግፊታቸው ይውረድ አለች፤ ልክ ናት። ለአንድ ወር አዲስ መድኃኒት ሰጠቻቸው። በወሩ ሲመለሱ 150 በ90 ሆኖ ተገኘ። አክሲዮኑ ውስን ነው ብላ ሦስት ወር ባይሆንም የሁለት ወር ቆጥራ ሰጠቻቸው። ከ12 ምልልስ ወደ 6 ወረደ ማለት ነው። እንግዲህ በሪፖርቱ ላይ የእቴቴ «አጠቃቀም» ሲታይ በየወሩ ከሚመላለሰው ሰው በታች ይሆናል፤ ክኒናቸውን ግን በየቀኑ ይውጣሉ።

ከመውጣታቸው በፊት እቴቴ ቀጠሮ የሚጻፍበትን ካርድ በጣታቸው ያዝ አድርገው፣ «እመቤት፣ ቀኑን ገበያ ቀን ላይ አድርጊልኝ። ያን ቀን ሚኒባሱ እስከ እኛ ሰፈር መታጠፊያ ይመጣል፤ ቅቤዬንም ሸጬ እመለሳለሁ» አሏት። ነርሷ የቀን መቁጠሪያውን አየችና ቀጠሮውን በሁለት ቀን ወደፊት ገፋችው።